«ራስ ምታት የለም» የሚለው «ራስ የለም» ተብሎ ይነበብ

ጆሮው ያለ ምክንያት የሚጮኽበት ሰው ካለ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ጆሮው ደህና የሆነ ሰውም ቢያነበው አይጎዳም፤ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚያስጮኽ ሰው ካለ፣ ከመቆጣቱ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ይረዳዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አራሚ ነበርኩ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም በማይርቅ አንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ የራሴን አንዲት ስህተት ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

እርማት ለብቻ የሚሠራ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ቤት ግን ሁለት ሰው ነበር የሚያርመው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ለኅትመት የተዘጋጀውን ወረቀት በእስክሪብቶ ጫፍ ይከተላል። የእኔ አንባቢ ጋሽ ተኪኤ ነበሩ። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ ትግርኛም አማርኛም እኩል አፍ የፈቱባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ ድምፃቸው ደግሞ የቅዳሴ ድምፅ ነው። ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር ያነባሉ። «መጣ ነጠላ ሰረዝ አልተቀመጠም አራት ነጥብ።» ልማዱ ከሥራ ውጭም አልለቀቃቸውም። ፒያሳ ቡና ቤት ገብተን ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን ደገፍ አድርገው፣ «ሁለት ማኪያቶ ነጠላ ሰረዝ አንዱ ጠቆር ያለ አራት ነጥብ» ሲሉ፣ አስተናጋጇ ልጅ «ስኳሩን በቅንፍ ላድርገው ጋሼ?» ትላቸው ነበር። አራዳ ሲያሾፍብህ እንኳ ሥራህን ያውቅልሃል።

ከእኛ ክፍል ሥር ማሽኖቹ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን ስንከፍት ደግሞ የታክሲ ረዳቶቹ፣ ዕቃ ለማራገፍ የቆመው መኪና ጥሩምባ፣ ከአትክልት ተራ ጆንያ ተሸክመው «ዞር በሉ!» እያሉ የሚያልፉት ተሸካሚዎች ይገባሉ። ጋሽ ተኪኤ ያን ሁሉ አሸንፈው ያነቡልኝ ነበር። አሁን ሳስበው በሕይወቴ በጣም ደስ ያለኝ ቦታ ያ ጫጫታ ውስጥ የነበረው ጠረጴዛ ነው።

አንድ ክረምት ሶስና የምትባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መጣች። የመጋቢ ልጅ ናት፤ ያመጣችው ግን ስለ ቡድሂስቶች ነው። ቡድሂስቶች ስለ ሰው አእምሮ የሚሉትን፣ ፊኖሚኖሎጂ ከሚባል የአውሮፓ ፍልስፍና ጋር እያስተያየች ጽፋዋለች። «ፊኖ ምን?» አልኳት። «ነገሩ በራሱ ምንድን ነው ከማለት በፊት፣ ለእኔ እንዴት ሆኖ ነው የታየኝ፣ እንዴት ሆኖ ነው የተሰማኝ ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ነው ጋሽ ጌታሁን» አለችኝ። ገባኝ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም ነበር።

ጋሽ ተኪኤ ለቅሶ ሄደው ስለነበር አንዱን ምዕራፍ ብቻዬን አረምኩት። እዚያ ውስጥ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «ሕመም አለ፤ ፈልገን ፈልገን ስናበቃ ግን ራስ የለም።» ራስ የለም? ራስ የሌለው ሰው የት ታይቶ ነው? ፊደል ለቃሚው አንድ ቃል ጥሏል ብዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና በልበ ሙሉነት «ምታት» የምትል ቃል ጨመርኩላት። በአራት ቦታ። «ሕመም አለ፤ ፈልገን ፈልገን ስናበቃ ግን ራስ ምታት የለም» ተብሎ ታተመ። ሶስና መጽሐፉን ገልጣ ስታነብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ተንከትክታ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ ሦስት ዓመት የደከመችበት ምዕራፍ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእርማት ሰሌዳ አሳትመን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ በእጄ ለጠፍኩት፦ «ራስ ምታት የለም» የሚለው «ራስ የለም» ተብሎ ይነበብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማተሚያ ቤቱ ስሜ «ራስ ምታት» ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ቀጥሎ ተወልጄ ያደግኩበት የፒያሳው ሰፈር እሪ በከንቱ ፈረሰና እኔና ባለቤቴ አልማዝ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ቤቱ ፀሐይ አለው፣ ውኃ አለው፣ ምንም አይወጣለትም። ጎረቤቶቻችን ሥራ ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕንጻው ጭር ይላል። አልማዝ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች። ከገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ድሮ ቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ሲጨርስ ይለቀው የነበረው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ተነስቼ ሶኬቶቹን ነቀልኩ። አልቆመም። «አልማዝ፣ ይሰማሻል?» አልኳት። «ምኑ?» አለች።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈሩ ውስጥ ካለ ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩ ባለሙያ ጆሮዬን በመብራት አየና «ኩክ ነው» ብሎ አጠበው። ድምፁ ከታጠበ በኋላ ጠርቶ ይሰማ ጀመር። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ቀድቶ ታይፎይድ አለብህ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የሰጠኝን ኪኒን ጨርሼ ሆዴን ብቻ አበላሸሁ። ሦስተኛው ደም ግፊት ነው ብሎ ጨው ከለከለኝ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ አንጠባጥብ ስትለኝ አንጠባጠብኩ፤ የጆሮዬን ቆዳ አቃጥሎት ሳምንት ሙሉ በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም። እባካችሁ ጆሯችሁ ውስጥ ሐኪም ያላዘዘውን ምንም ነገር አትጨምሩ። የአልማዝ የጸሎት ጓደኞችም መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ጠፋልኝ። ኋላ ስናስበው እየዘመሩ ስለነበር ነው፤ አልማዝ ራሷ ናት ይህን ያለችው።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ማበዴ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝምታን መሸሽ ጀመርኩ። ሬዲዮ ከእንቅልፌ ስነሳ ይከፈታል፤ ስተኛም አይዘጋም። ይህም አልበቃ ሲለኝ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ፒያሳ እሄድና ግንባታው የሚጮኽበት ቦታ ፈልጌ ቆሜ እውላለሁ። የድሮው ቡና ቤት የለም። የማተሚያ ቤታችን ደረጃም የለም፤ እዚያው ቆሜ ፒያሳ ናፈቀኝ። ቢሆንም ጫጫታ አለ፤ ጆሮዬም እዚያ ዝም ይላል። ሲመሽ ወደ ቤት ስመለስ አልማዝ ራቷን ብቻዋን በልታ ትጠብቀኛለች።

አንድ ቀን ሬዲዮውን ዘጋችውና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጌታሁን፣ የምትሸሸው ከጆሮህ ነው ወይስ ከእኔ?»

«ከአንቺማ ምን ያሸሸኛል?»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ዝም ብለህ አንድ ሰዓት ተቀመጥ።»

አልቻልኩም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ወደ ሬዲዮው ሄደ። አልማዝ አልጮኸችም። «መጸለይ አልቻልኩም፣ መተኛት አልቻልኩም። እስከ ዘመን መለወጫ ድረስ እጠብቅሃለሁ። ካልሆነ እህቴ ጋ ሐዋሳ እሄዳለሁ» አለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን አስፈራርታኝ አታውቅም። እንደምትሄድ አወቅኩ።

በማግስቱ ወደ አንድ ሆስፒታል የጆሮ ክፍል ሄድኩ። ጆሮ ክፍል ወረፋ መጠበቅ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ስም ጠሪዋ ትጮኻለች፣ የተጠራው አይሰማም፣ ያልተጠራው ይነሳል። አጠገቤ የተቀመጠው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። «ፋዘር፣ የእርስዎ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። «ቀጭን። የአንተስ?» «የእኔ ጭው ነው የሚለው፤ በረሃ መሐል የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።» ጭው የሚለው ቃል ለጆሮም ለባዶ ሜዳም እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ስሜ ሲጠራ እንዳያመልጠኝ ስጨነቅ አይቶ፣ «ስምዎን ይንገሩኝ፤ በግራ ጆሮዬ ደህና ነኝ፣ እኔ እሰማልዎታለሁ» አለኝ። ሰማልኝም።

ሐኪሙ ድምፅ በማታስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አደረገኝ። ሲጨርስ፣ «ማሽን አጠገብ ሠርተዋል?» አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ፒያሳ፣ ማተሚያ ቤት።»

«ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበለው የጆሮዎ ክፍል ተጎድቷል። ከዚያ በኩል ድምፅ ሲጠፋበት አንጎል ከራሱ ይሞላዋል። ቲኒተስ ይባላል። ፒያሳ ስለሚንጫጫ አልታወቀዎትም እንጂ የቆየ ነው።» ከዚያ ሳልጠይቀው፣ «እብደት አይደለም» አለኝ። እንባዬ መጣ። ስንት ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይህን ሳይጠይቅ ፈርቶ እንደተቀመጠ ያውቃል ማለት ነው።

የሚያጠፋው ኪኒን ግን እንደሌለው ነገረኝ። ዝምታን አይሽሹ፣ ድምፁ ሲመጣ አይታገሉት፣ መቼና እንዴት እንደሚሰማዎት ደብተር ላይ ጽፈው ከወር በኋላ ይምጡ አለኝ። ሳልረሳው፦ ድንገት በአንድ ጆሮው መስማት ያቆመ ወይም ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ የሚጮኽበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ ብሎኛል፤ እኔም እዚህ እደግመዋለሁ።

ወሩን ሙሉ ጻፍኩ። ለሐኪሙ ከመስጠቴ በፊት ግን ጋሽ ተኪኤን ላሳያቸው አልኩ። ሳይታረም ከእጄ የወጣ ወረቀት የለማ። ከፒያሳ ከተበተንን ወዲህ ልጃቸው ዘንድ በሌላው የከተማ ጫፍ ነው የሚኖሩት። ሥላሴ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀጣጠርን። ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። «እሪ በከንቱ ያደገ ሰው ጆሮው በከንቱ ቢጮኽ ምን ይገርማል!» አሉና ሳቁብኝ። ቀጥሎ ግን እጄን ያዝ አድርገው «ኣጆኻ» አሉኝ፣ አይዞህ ማለታቸው ነው፤ ሲያዝኑልኝ ወደ ትግርኛቸው ይሄዳሉ። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ። እኔም ሳላስበው እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ሰኞ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆሮዬ ይጮኽብኛል አራት ነጥብ። ማክሰኞ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ይጮኽብኛል አራት ነጥብ። ረቡዕ...» ድምፃቸው ያው ነው፤ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ። ያ ጠረጴዛ፣ የወለሉ መንቀጥቀጥ፣ የቀለሙ ሽታ ሁሉ ተመለሰልኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። አርብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጌታሁን፣ ሐኪሙ ጻፍ ያለህ ምንድን ነው?»

«የሚሰማኝን።»

«የሚሰማህ ድምፅ ነው። ይህች ‹ብኝ› ከየት መጣች? ድምፁ በአንተ ላይ ምን ክፉ ሐሳብ አለው? ዝናብ ዘነበ፣ ዘነበልኝ፣ ዘነበብኝ። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሠላሳ ጊዜ ጽፈሃታል። እንዲህ ያለ ነገር እኮ ያቺ ልጅ ጽፋለች... ስምህን ያወጣችልህ፣ ራስ ምታት!»

ቤት ገብቼ ከፒያሳ ስንወጣ ካሰርኳቸው በኋላ ያልፈታኋቸውን ካርቶኖች ፈታሁ። መጽሐፉ አለ፤ የእርማት ሰሌዳዬም እንደተለጠፈ ነው። ያን ጊዜ ነጥብና ሰረዙን እየቆጠርኩ ያለፍኩትን አሁን ለራሴ ብዬ አነበብኩት። ቡድሂስቶች መስማትን ይበትኑታል፦ ጆሮ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ሁለቱ ሲገናኙ መስማት ይነሳል። ከዚያ ደስ ይላል ወይም ያስጠላል። ያስጠላውን እንገፋለን፤ ስንገፋም «እኔ» የሚባል የተበደለ ሰው መሐል ላይ ቆሞ ይገኛል። ጭንቁ ያለው ድምፁ ላይ አይደለም፣ መግፋታችን ላይ ነው። አንድ የጀርመን ፈላስፋ ደግሞ በሌላ መንገድ መጥቶ ይህን ነገር በቅንፍ ውስጥ አስገባው ይላል፦ ድምፁ ከየት መጣ፣ ምን ያደርገኛል የሚለውን ለጊዜው በቅንፍ ዝጋና የሚሰማውን እንደሚሰማ ብቻ ጻፍ። ቅንፍማ የእኔ ሥራ ነው! ሐኪሙም፣ ፈላስፋውም፣ ቡድሂስቶቹም ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ነው ያዘዙኝ።

ከጋሽ ተኪኤ ጋር ሶስናን ፈልገን አንድ ቡና ቤት አገኘናት። ዛሬ ዶክተር ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ስታየኝ ገና ከሩቅ «ራስ ምታት!» ብላ አቀፈችኝ። ስለ ብኝ ስንነግራት ቡናዋን አስቀመጠች።

«ይህንንማ እኔም አላሰብኩትም! ያን ጊዜ እናንተን ደራሲ እንጂ አራሚ ማድረግ አልነበረብኝም» አለች። «ግን ጋሽ ጌታሁን፣ ብኝን ሲሰርዙ ይጠንቀቁ። ጥሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቡድሂስቶቹ ‹ብ›ንም ‹ኝ›ንም ሰርዝ ነው የሚሉት፤ ተሰማ እንጂ ተሰማኝ የለም። የፊኖሚኖሎጂ ሰዎቹ ግን ‹ኝ›ን አልለቅም ይላሉ። የሚሰማ ነገር ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ነው የሚሰማው።»

«አንቺስ?» አሏት ጋሽ ተኪኤ።

«እኔ ሃያ አምስት ዓመት አስተምሬ አልወሰንኩም።»

«እኔ ልወስንልሽ» አሉ። «ሰው የደረሰበትን ነገር በአማርኛ ምን እንለዋለን? ገጠመኝ። ‹ኝ› ከቃሉ ጋር ተሰፍታ ስም ሆናለች። ‹ኝ›ን ሰርዢያት እስቲ፤ ‹ገጠመ› ብቻ ይቀራል። እሱ ደግሞ ወይ በር ነው ወይ ባለ ግጥም ነው!» ቡና ቤቱ ዞሮ እስኪያየን ሳቅን። ሶስና ግን ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ዘግቼ መቀመጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ድምፁ ይመጣል፤ «መጣብኝ» እላለሁ፤ በሐሳቤ ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ «ብኝ»ን እሰርዛለሁ። ደግሞ ትመለሳለች። ደግሞ እሰርዛለሁ። ትዕግሥት ካላችሁ ይህ ከእርማት ሥራ ምንም አይለይም። ቀስ በቀስ ድምፁ አንድ ወጥ አለመሆኑን አስተዋልኩ፤ ይነሳል፣ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል። ሁለት ዓመት ስሸሸው አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላዳመጥኩትም ነበር። ሐኪሙ ደብተሬን አይቶ ሳቀና «ይቀጥሉበት» አለ፤ መስሚያ መሣሪያም አዘዘልኝ፣ እሱም ረድቶኛል። አልጠፋም። ጠፋ የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። አልማዝ መጀመሪያ ላይ የባዕድ አምልኮ ገባህ እንዴ ብላ ሰግታ ነበር። «ቁጭ ብዬ እያረምኩ ነው» ስላት ተወችኝ።

ጳጉሜን ላይ የአልማዝ ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ አየሁት። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዋ መስኮቱ አጠገብ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ ተቀመጠች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሕንጻው ጭር አለ። ድምፁ መጣ። በድምፁ ውስጥ አልፎ ሌላ ነገር ሰማሁ፦ አልማዝ ስታነብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ በሹክሹክታ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን ሰምቼው አላውቅም። ፒያሳ እያለን ጫጫታው ይውጠው ነበር፣ እዚህ ደግሞ ሬዲዮው። አንድ ሰዓት እንዳለፈ ያወቅኩት ፀሐይዋ ከእግሬ ላይ ስትነሳ ነው።

አልማዝ ቀና አለች። «ዛሬም ይጮኽብሃል?»

«ይጮኻል» አልኳት።

ተነስታ ሻንጣውን ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰችው።

ይህን ጽሑፍ ጋሽ ተኪኤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበውልኛል፣ እኔም ተከትያለሁ። ከታተመ በኋላ ስህተት ቢገኝበት እንደ ልማዴ የእርማት ሰሌዳውን ከወዲሁ እለጥፋለሁ። «ጆሮዬ ይጮኽብኛል» የሚለው ሁሉ «ጆሮዬ ይጮኻል» ተብሎ ይነበብ። «ፒያሳ ናፈቀኝ» የሚለው ግን እንዳለ ይነበብ።